ቀንጠፋውን ብቻ አትክሰሱት፦ ስለ መኪና ቀለም ለተሰራጨው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ያ ጽሑፍ ሰሞኑን ስንት ጊዜ እንደደረሰኝ እንጃ። መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ ላከልኝ። ከዚያ ጋራዥ የሚሠራው ጓደኛዬ። ከዚያ የዕቁባችን ግሩፕ ላይ ወጣ፤ እዚያ ውስጥ መኪና ያለው ሦስት ሰው ቢሆን ነው። መኪናን በረሃና ቁጥቋጦ ውስጥ ይዞ ገብቶ ቀለሙ ሳይቧጨር ስለመመለስ የተጻፈ ምክር ነው። ጸሐፊው የኛው የድሬ ልጅ ይመስለኛል፤ ሁርሶን፣ ኤረርን፣ ባቢሌን አሳምሮ ያውቃል። ድሬ ላይ አንቱታ የለምና እኔም አንተ እያልኩ ልቀጥል። ቅር እንዳይልህ አቦ።

መጀመሪያ ያልከውን ልድገመው፣ ያላልከውን እንዳላሸክምህ። ሴራሚክ የሚባለው መከላከያ ፈሳሽ የተቀባ መኪና እሾህ አይነካውም፣ ቀለም የሚጠብቀውን የፕላስቲክ ፊልም ማስለጠፍ ግን ብር መበተን ነው አልክ። ከመውጣትህ በፊት ጎንና ጎኑን በናፍጣ አብሰው፣ ቅርንጫፉ ይንሸራተታል አልክ። ጠባብ ቦታ ላይ ፈጠን ብለህ እለፍ፣ እሾሁ መያዣ ጊዜ አያገኝም። መንገዱ ጭራሽ ከጠበበ ገጀራ ይዘህ ውረድ፣ ካልሆነም በደረቁ ወንዝ ሂድ። ቤት እንደደረስክ አቧራውን ሳይጋገር በደረቅ ጨርቅ አራግፈው። ጭረት ካየህ ደግሞ ሳትውል ሳታድር አስቀባው፣ አለዚያ ዝገት ይበላዋል። ይኸው ነው።

እንዲህ ሲያጥር ሁሉም ልክ ይመስላል። ብዙ ሰው ያጋራውም ለዚህ ነው።

ከሴራሚኩ ልጀምር፣ ብዙ ብር የሚወጣው እዚያ ላይ ስለሆነ። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ዘመናዊ መኪና ላይ ከላሜራው በላይ ያለው ነገር ሁሉ፣ የዝገት መከላከያው፣ ፕራይመሩ፣ ዋናው ቀለምና ከላይ ያለው ቀለም የሌለው ሽፋን፣ ትራንስፓረንቱ፣ ተደማምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንድ ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን ነው። አንድ የራስ ፀጉር 70 ገደማ ይሆናል። ትራንስፓረንቱ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ነው፣ ማለትም ከአንድ ፀጉር ይቀጥናል። የጭረት ወሬ ሁሉ የሚያልቀው እዚህች ውስጥ ነው። ሴራሚኩ ስንት ይጨምርልሃል? አንድ ወይ ሁለት ማይክሮን። ያቺ እንግዲህ ቀንጠፋ ልትመክት ነው!

"ጥንካሬው 9ኤች ነው፣ ከአልማዝ ቀጥሎ ነው" ብለሃል። እዚህ ጋ ተሳስተሃል፤ ብቻህን ግን አይደለህም፣ ሻጮቹም እንዲህ ነው የሚሉት። 9ኤች የእርሳስ መለኪያ ነው። የሥዕል እርሳሶች ከለስላሳው እስከ ጠንካራው ይደረደራሉ፣ በ45 ዲግሪ ዘንበል ተደርገው ቀለሙ ላይ ይገፋሉ፣ የትኛው እንደቧጨረው ይታያል። በዚያ መለኪያ 9ኤች የመጨረሻው ጠንካራ እርሳስ ነው፤ ያው ግራፋይትና ሸክላ። አልማዝ 10 የሚሆንበት የማዕድናት ሚዛን ሌላ ነው፤ በዚያኛው ሚዛን ኳርትዝ 7 ነው፣ አሸዋ ውስጥ ደግሞ ሞልቶ ያለው ኳርትዝ ነው። ስለዚህ እርሳስ ያልቧጨረው ነገር የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይችላል ብለህ አትደምድም።

ሴራሚክ ምንም አይጠቅምም አላልኩም። ውሃው ይንከባለልበታል፣ ጭቃው ቶሎ ይለቃል፣ ሲታጠብ ብዙ መፈተግ አያስፈልገውም፤ መፈተግ መቀነሱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ግን የድሬን ውሃ አትርሳው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ውሃ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹን እዚህ ያስመጣው የኖራ ድንጋይ ነው ያለበት። መኪናህን ፀሐይ ላይ አጥበህ እዚያው ብታደርቀው ያ ነጭ ነጠብጣብ ሴራሚኩም ላይ ይቀመጣል።

ፊልሙን ነው ያለ ጥፋቱ የናቅከው። ጥሩ ፊልም ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይወፍራል፤ ከፋብሪካው ቀለም ሁሉ ድምር ይበልጣል ማለት ነው። የሚለጠጥ ፖሊዩሪቴን ስለሆነ እሾሁ እሱን ይቧጭራል እንጂ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ጋ አይደርስም። ደህና ደህናዎቹ ላይ ቀላል ጭረት በሙቀት ተመልሶ ይጠፋል፤ ሙቀት ደግሞ ድሬ ላይ በነፃ ነው። ውድ መሆኑን አልክድህም። እኔም ሙሉ መኪና የማልበስ አቅም የለኝም። ግን ግማሽ ቦታ ላይ መለጠፍ ማን ከለከለ? የቅርንጫፍ በትር የሚያርፈው የፊት ፓራፋንጎ ጠርዝ፣ የበሮቹ ወገብና የኋላ ጎን ላይ ነው። ለዚያ ያህል እንኳ ፊልሙ ባይገኝ የማስታወቂያ ሠሪዎቹ ስቲከር አለ፤ እሱ ከ100 ማይክሮን አይበልጥም፣ ቢሆንም ከሴራሚኩ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። የደረቀ ጉቶ ከመጣ ግን ፊልሙንም፣ ቀለሙንም፣ ላሜራውንም ይዞ ይሄዳል። ለጉቶ መድኃኒቱ መሪ ማዞር ነው።

ናፍጣውን ቶሎ ልለፈው። ናፍጣ አስፋልት ላይ የተለጠፈብህን ሬንጅ ለማንሳት ጥሩ ነው፣ እስማማለሁ፤ አንስተህ ወዲያው በሳሙና ካጠብከው። ቀብተኸው በረሃ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰም ተቀብቶ ከነበረ ናፍጣው ያሟሟዋል። ሁለተኛ፣ አቧራ ይጠራል። ሽንሌ ሳትደርስ መኪናህ በቅባት የተለወሰ አሸዋ ይለብሳል፤ መካኒክ ቫልቭ የሚፈጭበትን ቅባት አይተህ ከሆነ ያው እሱ ነው። ከዚያ ቅርንጫፉ መጥቶ ያሽልሃል። የበርና የመስኮት ጎማዎችም ናፍጣ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። ቅርንጫፍ እንዲንሸራተት ከፈለግህ ከመውጣትህ በፊት መኪናውን በደንብ አጥበህ ሰም ቀባው። ንጹሕ ጎን ላይ ለስላሳ ቅጠል ቢያልፍ ብዙ ጊዜ ምንም አያደርግም። አቧራ ያለበት ጎን ላይ ካለፈ ግን ያው ቅጠል ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ፍጥነቱ ላይ በጣም ነው የምለያይህ። የሚመታህ ነገር ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ10 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ስትወጣ ፍጥነትህ 4 እጥፍ ሆነ፣ ግጭቱ ግን 16 እጥፍ። የግራር ቅርንጫፍ ደግሞ ዝም ብሎ አይገፋም፣ ታጥፎ ይፈናጠራል፤ የፊት በሩን ያለፈው ጫፍ ተመልሶ የኋላውን በር ይገርፋል። ቀንጠፋ የባሰ ነው። እሾሁ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ ሱሪህን እንኳ ሲይዝህ በመፍጠን አትላቀቀውም፣ ቆመህ ወደ ኋላ ትመለስና ታላቅቀዋለህ። መኪናም እንደዚያው ነው። ከዚያ ፍየል አለ፣ ግመል አለ፣ ከቁጥቋጦው ድንገት ብቅ የሚል ሕፃን አለ።

አንድ ነገር ግን ልክ ነህ፦ አሸዋ ላይ ፍጥነት ጨርሶ ከጣልክ ትሰምጣለህ። አሸዋና ቁጥቋጦ አንድ ላይ ሲመጡ መካከለኛውን መፈለግ ነው፤ የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀንሰህ ቀስ ብለህ ብትሄድ ግን ሁለቱም ይሆንልሃል። ሲያልቅ ነፋሱን መሙላት አትርሳ።

ሐረር ሄደህ እነዚያን አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች አስተውለህ ታውቃለህ? ጁገል ግንብ ውስጥ በጠባቡ መንገድ ሲገቡ፣ ግድግዳው ላይ ከበር እጀታ ከፍታ ጋ ሰማያዊና ነጭ መስመር ታያለህ። የሰው መኪና ቀለም ነው፣ ድንጋዩ ላይ የቀረ። አንድ ሽማግሌ ሾፌር መኪናቸው ላይ አንድ ጭረት የላቸውም። ከኔ ዕድሜ የሚበልጥ መኪና! እንዴት ነው ጋሼ ብላቸው ሳቁና "ልጄ፣ ግድግዳው አይቸኩልም፣ እኔስ ለምን እቸኩላለሁ?" አሉኝ። ስፖኪዮውን አጥፈው፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ በሰው እርምጃ ነው የሚያልፉት። ቁጥቋጦ ውስጥም አሠራሩ ይኸው ነው። ስፖኪዮ ይታጠፋል፣ ከመኪናው አንድ ሰው ይወርዳል፣ የቆዳ ጓንት አጥልቆ ቅርንጫፉን ወደ ኋላ ይይዛል፣ አንተ በቀስታ ታልፋለህ። ብቻህን ከሆንክ ገመድ አለ፤ ቅርንጫፉን ወደ ኋላ ስበህ እሰረው፣ ካለፍክ በኋላ ፍታው። አሥር ደቂቃ ቢወስድብህ ነው።

ገጀራው። ወንድሜ፣ መንገድ ዳር የምታየው እሾህ ሁሉ ጫካ አይደለም። ብዙው አጥር ነው። ሰው ከየትም ጎትቶ አምጥቶ የከመረው፣ ማታ ፍየሎቹን ከጅብ የሚያድንበት አጥር ነው። አጥር ያልሆነውም ግራር ለፍየልና ለግመል ቀለብ ነው። አንተ ለአንድ ጭረት ብለህ ስትመነጥር ባለቤቱ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ እያየህ ነው። ባቢሌ ደግሞ የዝሆኖች መጠለያ ነው፤ እዚያ ገጀራ ይዞ መውረድ ከቀለም የከፋ ጣጣ አለው። ያንን መጤ እሾሃም ዛፍ፣ ፕሮሶፒስን ከሆነ የምትለው፣ ለእሱ ጠበቃ አልቆምም፤ መሬቱን ሁሉ ወርሷል። ግን እሱም ሲቆረጥ ከጉቶው አሥር ሆኖ ነው የሚበቅለው፣ በሰያፍ የተቆረጠው ጉቶ ደግሞ ቀጥሎ ለሚመጣው ጎማ ጦር ነው። ቆርጠህ መንገድ ላይ የጣልከው እሾህም ያው፤ የሚጠቀመው ጎሚስታው ብቻ ነው።

ደረቁ ወንዝ ላይ እሾህ እንደሌለ እውነት ነው። እኔም በበጋ እሄድበታለሁ። ግን ሁለት ነገር ሳትናገር አለፍክ። ከፊትህ መኪና ካለ ጎማው የሚተፋው አሸዋና ጠጠር ፓራውልትህንና ኮፈንህን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ያደርገዋል፤ አቧራው እስኪረግብ ድረስ መራቅ ነው። ሁለተኛው ከቀለም ጋር አይገናኝም፣ ግን ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። ጽሑፍህ የተሰራጨው ለክረምት መውጫ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ከደንገጎ አቀበት በላይ ደጋው ላይ ነው፣ ጎርፉ የሚመጣው እኛ ጋ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ሌሊት የደቻቱ ጎርፍ ከተማው ላይ ያደረገውን ድሬ ላይ ያልሰማ የለም። በዚህ ወቅት ለጭረት ብለህ ሰው ወደ ወንዝ አሸዋ አትላክ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ደረቁ ጨርቅ። ጽሑፍህን ቁጭ ብዬ እንድመልስ ያደረገኝ ይሄ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። መኪናዬ ጥቁር ሰማያዊ ናት። ከኤረር በኩል አምሽቼ ተመለስኩ፣ አቧራዋን እንደለበሰች አሳደርኳት፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላቫጆ ወሰድኳት። ልጁ ትጉ ነው፣ ሥራውን ይወዳል። መጀመሪያ በጨርቅ ላዩን አራገፈላት፣ ልክ አንተ እንዳልከው። ከዚያ አረፋ ያለው ባልዲ አምጥቶ መፈተግ ጀመረ። መሀል ላይ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። አነሳው፣ ባልዲው ውስጥ አንዴ ነከር አደረገው፣ ኮፈኑ ላይ መለሰው። ጎንበስ ብዬ ባልዲውን አየሁት። ከላይ ነጭ አረፋ ነው። ከሥር ሁለት ጣት የሚሆን ጥቁር አሸዋ ተቀምጧል፤ ከኔ በፊት የታጠቡት አይሱዙዎችና ባጃጆች አስቀምጠውልኝ የሄዱት። ልጁን ምንም አላልኩትም፣ ገና ያኔ አልገባኝም ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ኮፈኑ ላይ አግድም ሲያርፍ ነው የገባኝ። የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ክብ ክብ፣ በመቶ የሚቆጠር ቀጭን መስመር።

ቀንጠፋ ክብ አይሥልም። ያንን የሣልነው እኛ ነን።

እስቲ አንተም ሂድና መኪናህን በፀሐይ እየው። ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሄደ መስመር ካለ የቅርንጫፍ ነው። ክብ ክብና ድር የመሰለው የጨርቅ ነው። በኔዋ ላይ ከቅርንጫፍ የመጣውን ቆጠርኩት፣ 7 ነው። የጨርቁን መቁጠር ተውኩት። ያየኋቸው የጓደኞቼ መኪኖችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ከተማ ወጥተው የማያውቁ ቪትዞች ሳይቀሩ ድሩን ለብሰውታል፣ ምን ቁጥቋጦ አገኛቸውና?

"አቧራው ይጋገራል" ላልከው፣ አቧራ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ቀለም አይቧጭርም። የሚቧጭረው ስታንቀሳቅሰው ነው። ስለዚህ ውሃ ከሌለህ ተወው! ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ሳትነካው ከላይ ወደ ታች አፍስበት፣ አሸዋው በራሱ ይውረድ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ቀስ ብሎ ቢፈስ ብዙ ያወርዳል። ከዚያ ነው ሳሙናው። ሁለት ባልዲ ያዝ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን የምታለቀልቅበት ንጹሕ ውሃ። ከጣሪያው ጀምረህ ውረድ፣ ከበሩ ወገብ በታች ያለውን በሌላ ጨርቅ እጠበው፣ ጨርቅ ከወደቀ ለጎማ ይሁን። ጥላ ሥር ቢሆን ይመረጣል፣ የኖራውን ነገር ብዬሃለሁ። ላቫጆ ከሄድክም እነዚህን መለመን ነውር የለውም። እኔ አሁን የራሴን ሁለት ጨርቅና ባልዲ ይዤ ነው የምሄደው። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ አሁን ለምደውኛል፤ "ባለ ባልዲው" ነው የሚሉኝ።

ቶሎ መነሳት ያለበት ነገር እንዳለ ግን እቀበልሃለሁ፤ የወፍ ኩስ። ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ያቆመ ሰው ያውቀዋል። በኛ ፀሐይ ላይ ቢውል ቀለሙን በልቶ ምልክት ይተዋል። እሱንም ቢሆን በእርጥብ ጨርቅ አርጥበህ፣ ለስልሶ እስኪለቅ ጠብቀህ ነው እንጂ በደረቁ አትፈግፍገው። የመኪና ልብስ የሚያለብሱም አሉ፣ አቧራ ላይ ካለበሱት ያው ጨርቅ ነው፣ ነፋሱ ነው የሚፈትገው።

የቀረው ማስቀባቱ ነው። ዝገቱ ላይ ግማሽ እውነት አለህ። ላሜራው ድረስ የወረደ ጭረት መታከም አለበት፣ በተለይ ወደ ጅቡቲ የባሕር አየር የሚመላለስ ሰው ችላ እንዳይል። ሐረርም ከኛ ይልቅ ዝናብ ያገኘዋል። ግን ሁሉም ጭረት ላሜራ አይደርስም። ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አግድም አሳልፈው። ካልያዘህ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፓረንቱ ውስጥ ነው ያለው፣ በፖሊሽ ይለቃል ወይም ይደበዝዛል። ከያዘህ ጠለቅ ብሏል፤ ያም ቢሆን ብረቱ እስካልታየ ድረስ ቀለሙን በቀጭን ብሩሽ መንካት ይበቃዋል። ብረቱ ከታየ ንጹሕ አድርገህ፣ ፕራይመር አስነክተህ፣ ከዚያ ቀለሙን።

ፖሊሽ ስትል ደግሞ ተጠንቀቅ፤ እያንዳንዱ ፖሊሽ ከዚያች ከፀጉር ከቀጠነች ሽፋን ላይ ቀንሶ ነው የሚያሳምረው። በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም። አሮጌ መኪና ላይ፣ እንደ 404ቱ ባለ ላይ፣ ወይም አንዳንድ ነጭ የሥራ መኪና ላይ ትራንስፓረንት ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ በማይታይ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ አሽ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ትራንስፓረንት የለም ማለት ነው፣ በእጅህ እያነሳህ ያለኸው ራሱን ቀለሙን ነው። መኪናው ነጭ ከሆነ ጥቁር ጨርቅ ያዝ።

ይሄን የምልህ እኔም እንዳንተ አስቤ አንዴ ስለተቃጠልኩ ነው። ከባቢሌ ስመለስ የግራ ፓራፋንጎ ላይ አንድ ጭረት፣ የኋላ በር ላይ አንድ ጭረት ይዤ መጣሁ። ለሁለቱም ብር ስላልነበረኝ ፓራፋንጎውን ብቻ ሳላድር አስቀባሁት። ቀቢው ቀን ላይ አሳየኝ፣ አንድ ዓይነት ነው፣ ከፈልኩ። ማታ የመንገድ መብራት ሥር ሳቆማት ፓራፋንጎው ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ አለ። የኋላ በሩን እንደነበረ ተውኩት፣ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ፣ አልዛገም።

ባለፈው ወር ልሸጣት ፈልጌ አንድ ሰው መጥቶ አያት። በኋላ በሩ በኩል አልፎ ጭረቱን አየት አደረገና "ቁጥቋጦ ነው አይደል?" ብሎ ሄደ። ግራ ፓራፋንጎው ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ጎንበስ አለ፣ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፣ የበሩን ጠርዝ ከፍቶ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ "እውነቱን ንገረኝ አቦ፣ ይሄ ጎን ተጋጭቶ ነበር?" አለኝ።